የፊልም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የሳቅና የፍቅር ፊልሞችን ለምን መረጥን?

ጥቅምት ላይ ዕቅዳችንን ስናቀርብ መጀመሪያ የመጣብን ጥያቄ «ለተማሪ የፍቅር ፊልም ልታሳዩ ነው?» የሚል ነበር። ከመምህራን ማረፊያም መጣ፣ ከወላጆችም መጣ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ካልጠየቀ ምን ሊጠይቅ ነው? መልሱ ግን ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ በደንብ ልጻፈው።

ልጆቻችን እነዚህን ፊልሞች እኛ ብናሳያቸውም ባናሳያቸውም ያያሉ። በቴሌግራም ይላላካሉ። ቲክቶክ ላይ ደግሞ ተቆራርጦ መጨረሻው ብቻ ይደርሳቸዋል። መሳሙ፣ ሰርጉ፣ ዝናብ ውስጥ መሮጡ። መሃሉ የለም። ሁለት የማይተዋወቁ፣ እንዲያውም የማይዋደዱ ሰዎች እንዴት መደማመጥ እንደጀመሩ የሚያሳየው ክፍል ተቆርጦ ቀርቷል። እኛ ዓመቱን ሙሉ የሠራነው ያንን መሃል ማየት ነው።

የሥራ አስፈጻሚ ምርጫ፣ የአባላት ምዝገባ፣ የመተዳደሪያ ደንብ ማጽደቅ በጊዜው ተከናውኗል። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር እንሰበሰባለን፤ የድሬዳዋን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ለምን ጠዋት እንደሆነ አይጠይቅም። መስኮቱን በካርቶን እንሸፍናለን፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ እንወጥራለን፣ ፊልሙ ይጀመራል። ከፊልሙ በፊት ሰሌዳው ላይ ሁልጊዜ ሦስት ጥያቄ ይጻፋል። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ የተናናቁት በምንድን ነው? የመጀመሪያዋ የተደማመጡባት ትዕይንት የቷ ናት? ይቅርታ የጠየቀው ማን ነው፣ እንዴት አድርጎ? ተማሪው ደብተሩን ይዞ ያያል።

በ«ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» ጀመርን። ፍራንክ ካፕራ እ.ኤ.አ. በ1934 የሠራው ፊልም ነው። አምስቱን ዋና ዋና ኦስካሮች፣ ማለትም የምርጥ ፊልም፣ የዳይሬክተር፣ የወንድና የሴት ተዋናይ እንዲሁም የስክሪፕት ሽልማቶችን ጠቅልሎ በመውሰድ የመጀመሪያው ነው። ከአባቷ የኮበለለች የሀብታም ልጅና ከሥራው የተባረረ ጋዜጠኛ አውቶቡስ ላይ ተገናኝተው መንገዱን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ማደር ግድ ሲሆንባቸው ሰውዬው በሁለቱ አልጋዎች መካከል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅላል። የኢያሪኮ ግንብ ብሎም ይጠራዋል። እንግዲህ በዘርፉ ከሚታወቁት ትዕይንቶች አንዱ በሁለት ሰዎች መካከል የተሰቀለ ብርድ ልብስ ነው። ለሰጉ ወላጆች ሁሉ ይህን ስናገር ከርሜያለሁ። ጠዋት ላይ ዶናት ቡና ውስጥ አነካከር ሲያስተምራት ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ዳቦ በሻይ ነክሮ የማይበላ ድሬ ውስጥ ማን አለ? አንዷ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን ደብተሯ ላይ «የተደማመጡት እዚህ ነው፤ የማታውቀው ነገር እንዳለ ፈቅዳ ተማረች» ብላ ጽፋ ነበር። ይህን እኔም አላየሁትም ነበር።

ስለ ሳቁ አንድ ነገር ልናገር። ፊልሞቹ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የልጆቹ እንግሊዝኛ ደግሞ እኩል አይደለም። ስለዚህ የገባው ላልገባው ይተረጉማል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ። ቀልድ ሲመጣ መጀመሪያ ፊት ያሉት ይስቃሉ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ሁለተኛው ሳቅ ይመጣል። አንዳንዴ ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ተርጓሚው የራሱን ጨምሮበት ነዋ! ስለ ጓደኝነት የሚያወራ ፊልም ሲታይ ክፍሉ ራሱ እንዲህ ሆኖ ሳየው ደስታዬ ልክ የለውም።

ኅዳር መጨረሻ ላይ መብራት ሄዶ ሲመጣ ስፒከራችን ተቃጠለ። ለጥገና ወስደነው «አይሠራም» ተባለ። ክበቡ ይዘጋ የሚልም ነበር። እኛ ግን ቻርሊ ቻፕሊንን አመጣን። «ሲቲ ላይትስ» እ.ኤ.አ. በ1931 ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ሲኒማው ሁሉ መናገር ጀምሮ ነበር። ቻፕሊን ግን ንግግር አልባ አድርጎ ሠራው። ራሱ የደረሰለትን ሙዚቃ መስማት አለመቻላችን ይቆጨኛል፤ ታሪኩ ግን ያለ ድምፅም ይገባል። አንድ ምስኪን መንገደኛ ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ይወዳል፤ እሷ የመኪና በር ሲዘጋ ሰምታ ሀብታም መስሏታል። ለዓይኗ ሕክምና ገንዘብ አግኝቶ ይሰጣታል፣ በዚሁ ጦስ ይታሰራል። ሲፈታ እሷ ታያለች፤ ግን አታውቀውም። የምታውቀው እጁን ስትዳብሰው ነው። ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙበትን ትዕይንት ቻፕሊን እስኪጥመው ድረስ ከ300 ጊዜ በላይ እንዳስደገመ ስነግራቸው፣ የቤት ሥራ ድገሙ ሲባሉ የሚያጉረመርሙት ልጆች ዝም አሉ። የጥበቃ ሠራተኛችንም በሩ ላይ ቆመው እስከ መጨረሻው አዩት።

ከተቃወሙን ወላጆች አንዱን «መጥተው ይዩልን» ብለን ጋበዝናቸው። መጡ። ከኋላ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። የዚያን ቀን የታየው የዊልያም ዋይለር «ሮማን ሆሊዴይ» ነበር፤ ሮም ከተማ ውስጥ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1953 የወጣ ነው፣ ኦድሪ ሄፕበርንም ኦስካር ያገኘችበት። ልዕልቷ ለአንድ ቀን ካረፈችበት የአገሯ ኤምባሲ ጠፍታ ከአንድ ጋዜጠኛ ጋር ትውላለች። ጋዜጠኛው ወሬዋን ሊሸጥ ነበር ያቀረባት፤ ፎቶ አንሺ ጓደኛው ደግሞ በድብቅ ያነሳታል። መጨረሻ ላይ አይሸጡም። ልዕልቷ ወደ ኃላፊነቷ ትመለሳለች፣ ፎቶግራፎቹም ለእሷው በስጦታ ይሰጣሉ። ውይይት ሲጀመር መጀመሪያ እጃቸውን ያወጡት እኚሁ አባት ናቸው። «እሺ፣ ልጁስ ወዷት ነው የተወው። ጓደኛው ግን ያን ሁሉ ብር ምን ብሎ ተወ?» ጥያቄው ልጆቹን አንድ ሰዓት አከራከረ። ብዙዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ጓደኛው ብሩን የተወው ለልዕልቷ ብሎ ሳይሆን ለጓደኛው ብሎ ነው የሚል ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ እኚህ አባት ልጃቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ።

የአገራችንንም አልተውንም። ተማሪዎቹ ቤታቸው ያዩዋቸውን አማርኛ ሮማንቲክ ኮሜዲዎች በሦስቱ ጥያቄ መዘኑ። ሀብታሙ ድሃ መስሎ ይመጣል፣ ወይ ድሃው ሀብታም መስሎ ይመጣል፤ ውሸቱ ይጋለጣል፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ይህንን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ግን «የዋናው ገጸ ባሕሪ ጓደኛ ሁልጊዜ የሚያስቅ ብቻ ነው። የሱ ኑሮ የታለ? እሱን ማን ይሰማዋል?» አለ። ለፊልም ሠሪዎቻችን ብትደርስ የምመኛት አስተያየት ናት።

ከሁሉም የጦፈው ክርክር ግን በሴቶቹ የተነሳ ነው። በስንቱ ፊልም ልጅቷ «አልፈልግም» ትላለች፣ ልጁ ይከተላታል፣ በር ላይ ይቆማል፣ መንገድ ይዘጋል፣ መጨረሻ ላይ «አሸነፋት» ተብሎ ይጨበጨብለታል። «ይሄ ለከፋ ነው እንጂ ፍቅር አይደለም» አለች አንዷ። ከትምህርት ቤት እስከ ባጃጅ ተራ ስትሄድ የሚያጋጥማትን ዘረዘረች። ወንዶቹ መጀመሪያ «አቦ፣ ፊልም እኮ ነው!» እያሉ ሊያልፉት ሞከሩ። አላለፈም። «ሳቋን እያየ የሚቀርብና ዝምታዋን እያየ የማይመለስ አንድ አይደሉም» ብላ ስትጨርስ ከወንዶቹም ያጨበጨቡ ነበሩ። እዚህ ክፍል ውስጥ የተባለውን በሌላ የትኛው ክፍለ ጊዜ እንናገረው ነበር? ክበቡ ምን ይጠቅማል ለሚል ሰው የምሰጠው የመጀመሪያ መልስ ይህ ነው።

ወደ ሐረር ጉዟችን ልምጣ። መነሻው «ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ» ነው፤ እ.ኤ.አ. 1989፣ ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር፣ ጸሐፊዋ ኖራ ኤፍሮን። ሙሉውን አላሳየንም፤ ለዕድሜያቸው የማይሆነውን ዘለን ነው ያሳየነው። ሃሪና ሳሊ ከቺካጎ ኒውዮርክ በአንድ መኪና እየተጨቃጨቁ ይሄዳሉ፣ ይለያያሉ፣ ከዓመታት በኋላ እንደገና ይገናኛሉ፣ ጓደኛ ይሆናሉ፣ ፍቅሩ ከ12 ዓመት በኋላ ነው የሚገባቸው። በየመሃሉ አዛውንት ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደተገናኙ ያወራሉ። የሚያወሩት ተዋንያን ናቸው፤ ታሪኮቹ ግን ከእውነተኛ ሰዎች የተሰበሰቡ ናቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኛስ ለምን አንሰበስብም?» አሉ።

ወላጆች አዋጥተው ሚኒባስ ተያዘ። የደንገጎን ዳገት ስንጨርስ ብርዱ ገብቶ ልጆቹ ተቃቀፉ፤ በሐረማያና በአወዳይ አድርገን ጁገል፣ በግንብ የታጠረችው አሮጌዋ ሐረር ገባን። መኪና ግርግር የሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ደረስን። የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ተስማሙልን፤ ባለቤታቸው ምሳ ይዘውላቸው መጥተው አጠገባቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ጠያቂ ተብለው የተመደቡት ጎበዝ ተናጋሪዎቻችን ነበሩ። «አባባ፣ እንዴት ተገናኛችሁ?» «በቤተሰብ» አሉ፣ መስፋታቸውን ቀጠሉ። «እማማስ?» «ያው እሱ እንዳለው።» አለቀ። ልጆቹ ተያዩ። በዚህ መሃል ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ተቀምጦ አንድ ቀን እጁን ያላወጣ የ9ኛ ክፍል ልጅ፣ ስልኩን አስይዞ ወደ ፊት መጣና «እማማ፣ መጀመሪያ ያስቀየሙዎት በምን ነበር?» አለ። ከሰሌዳችን የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ በራሱ አፍ ቀይሮ።

የስፌት መኪናው ቆመ።

«እጅጌዬን አሳጠረብኛ! የአረፋ ልብሴን!» አሉ እማማ። «ሳቀች እንጂ አላዘነችም» አሉ አባባ። «ውሸቱን ነው! እስከ ቤት አልቅሻለሁ። ወንድሜ ሊጣላው መጣ። ይሄ በራሱ ብር ሌላ ጨርቅ ገዝቶ በኩራዝ ሲሰፋ አገኘው። ወንድሜ ሊጣላ ሄዶ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። ከእኔ በፊት ጓደኛው እሱ ነው።» ልጁ ዝም ብሎ ቆየ። እኔ ሌላ ጥያቄ ልጨምር ብዬ ነበር፤ እሱ ግን በእጁ ከለከለኝ። ዝምታው ውስጥ አባባ ክር እየሳቡ «ወንድሟ ጋ የምሄደው ለሻይ መስሏቸው ነበር» አሉ። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «ይሄን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም» አሏቸው።

መመለሻ ላይ ያ ልጅ ሚኒባሱ ውስጥ ቆሞ የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰለ ታሪኩን ከመጀመሪያው ተረከልን፤ አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በሶማሊኛ። ድሬ እስክንገባ ድረስ «ድገመው!» አላባራም። ሰው እንዲናገር መጠየቅን፣ ከዚያ ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅን ያውቅ ነበር። በሃያ ዓመት መምህርነቴ እንዲህ የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ያልተሳካውንም ልናገር። የተቀዳው ቃለ ምልልስ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ግን ማይክ ስላልነበረን በስፌት መኪናዎቹ ተውጧል። ተማሪዎቹ ጽፈው የጀመሩት ስለ ሁለት ጎረቤታሞች የሚያወራ አጭር ፊልምም በከተማችን ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ግማሹ ተቀርጾ ቆሟል፤ ሜሞሪ ካርዱ ሞላ፣ ፈተናውም ደረሰ። ከሁለተኛው መንፈቅ በኋላ የአባላት ቁጥር ቀንሷል። የ12ኛ ክፍሎች ለብሔራዊ ፈተና ሲዘጋጁ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ለእግር ኳስ ክበባችን ዘንድሮ ማልያ ሲገዛ ከልባችን አጨብጭበናል፤ ይገባቸዋልም። የፊልም ክበብ ግን ከትምህርት ቤቱ በጀት ያገኘው ጠመኔ ብቻ ነው። ላፕቶፑ የእኔ ነው፣ ፕሮጀክተሩ ከአይሲቲ ክፍል በልመና የሚመጣ ነው፣ አንሶላው የአንዲት ተማሪ እናት ነው። በዚህ ይህንን ከሠራን ትንሽ ቢደገፍ ምን ሊሠራ እንደሚችል የወላጅ መምህር ኅብረቱ እንዲያስብበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሚያስፈልገን ብዙ አይደለም። አንድ ስፒከር፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ አንድ ትንሽ ማይክ፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የሚኒባስ ኪራይ። ጅቡቲም ሆነ ከዚያ ርቃችሁ ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቻችን፣ ያገለገለ ዕቃም ቢሆን እንቀበላለን። መርዳት የምትፈልጉ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ በኩል ማስረከብ ትችላላችሁ፤ ደረሰኝ ይቆረጣል። መስከረም ላይ የመጀመሪያ ሥራችን ወደ መኪና ግርግር ተመልሰን ቃለ ምልልሱን በጥሩ ድምፅ መቅዳት ነው። አባባና እማማ «ኑ» ብለውናል።