አስጨርሻቸው

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ አባትሽም ዓይኑ ተሽሎታል። በርበሬውና ሽሮው በእሁዱ መኪና ተጭኗል። ሹፌሩ ስልክሽን ይዟልና ሲደውል አንሺለት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ለበርበሬው ብዬ አይደለም። አክስትሽ ለጉልበቷ እናንተ ከተማ በወረደችበት ሰሞን፣ የማን ዘመድ እንደሆነች ሳትናገር ጤና ጣቢያችሁ ተራ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ያሉት ሴቶች ስላንቺ ሲያወሩ ሰማች። «ጎበዝ ናት፣ የሰጠችው መድኃኒት ያድናል፤ ግን የሰው ንግግር አታስጨርስም» ነው ያሉት። ሙያሽን ቢነቅፉ ያን ያህል ባልደነገጥኩ፤ ሙያ በመጽሐፍ ይሞላል።

ልጄ፣ አስጨርሻቸው።

ገና ስታነቢው «ውጭ ስልሳ ሰው እየጠበቀ!» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሰዓቱ ግን ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ተመራማሪዎች 74 የሐኪምና የታካሚ ንግግሮችን ቀድተው መረመሩ። ሐኪሞቹ ያቋረጡት በአማካይ በ18 ሰከንድ ነበር፤ የመጣበትን ነገር ተናግሮ የጨረሰው ታካሚ ከ74ቱ 17 ብቻ። እ.ኤ.አ. በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ፣ ሐኪሞች ታካሚው በራሱ እስኪያቆም ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ተደረገ። በአማካይ የወሰደው 92 ሰከንድ ነው፤ አንድ ደቂቃ ተኩል። በማቋረጥ የምታተርፊው ከዚህ አይበልጥም። የሚከስረው ሰውዬው ነው፤ ያልዳነ ሕመሙን ይዞ በሳምንቱ እንደገና ካርድ ያወጣል፤ ያኔ ወረፋሽም ይረዝማል።

ደግሞ ሰው ዋናውን ነገር አስቀድሞ አይናገርም። ራስ ምታቱን ያስቀድማል፣ ወገቡን ያስከትላል፣ የሽንቱን ወይም የማህፀኗን ነገር ሦስተኛ ላይ ያመጡታል። አንቺ የመጀመሪያውን ይዘሽ ከሮጥሽ የራስ ምታት ክኒን ሰጥተሽ ትሸኛቸዋለሽ፤ የመጡበት ግን አብሯቸው ይመለሳል።

በሩን ዝጊ! አክስትሽ ከአግዳሚው ላይ ሆና ውስጥ የሚባለውን ሁሉ ትሰማ ነበር። ወረፋው እየሰማ የትኛዋ ሴት ናት ስለ ፈሳሿ የምታወራው? ካርዱን ሳይገቡ አንብቢው፣ ስልክሽን መሳቢያ ውስጥ አስገቢው። የታካሚውን ወንበር ከጠረጴዛው ማዶ አታድርጊው፤ ወደ ጎን፣ ማዕዘኑ ላይ አድርጊው፤ ፊቱን ታዪዋለሽ፣ እሱም እንደ ተከሳሽ አይቀመጥም። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫሽ ብድግ በይ። ይህን ከቤት ይዘሽው ነው የወጣሽው፣ ነጭ ጋዋን አያስረሳም።

ከዚያ «እስቲ ምን ሆነው መጡ?» ብለሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪው። አንድ ጥያቄ፣ ከዚያ ዝምታ። ሲናገሩ «እህ»፣ «ከዚያስ?» ይበቃል። «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» እያልሽ አትቸኩይ፤ እሱም ማቋረጥ ነው፣ ሰው «በቃህ» ማለትሽ እንደሆነ ይገባዋል። ዝም ሲሉ ቶሎ አትግቢ፣ በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ። በዚያች ትንፋሽ መሀል የሚመጣው ነገር ብዙ ጊዜ ዋናው ነው። ጨረሱ ብለሽ ስታስቢ «ሌላ የለም አይደል?» አትበይ፤ ባህላችን ነው፣ ጠያቂን ላለማስቸገር «የለም» ይላሉ። «ሌላስ ምን ያሳስብዎታል?» በይ።

ጥያቄ ስትጠይቂም አንድ በአንድ። «ያስልዎታል? ሌሊት ያልብዎታል? ከስተዋል?» ብለሽ ከደረደርሽው የሚመልሱልሽ የመጨረሻውን ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል «አይ፣ አልከሳሁም» በሚል መልስ ተሸፍኖ ያልፋል፤ ከዚያ የሳንባ ነቀርሳው ቤተሰቡን ያዳርሳል። ባል ወይም አማት ስለ ታማሚዋ የሚናገሩ ከሆነ አትቆጪ፤ በጨዋ ደንብ አመስግነሽ «አሁን ለብቻ ልመረምራት ነው፣ ውጭ ይጠብቁን» በይ፣ ከዚያ እሷን እንደ አዲስ ጠይቂ።

በመጨረሻ የሰማሽውን መልሰሽ ንገሪያቸው፦ «እንዲህ እንዲህ ነው ያሉኝ፤ የሳትኩት ካለ ያርሙኝ።» ያርሙሻል። እያረሙሽ አታቋርጪ!

የእማማን መሐረብ ታስታውሻለሽ? ከፍራሽዋ ሥር ቋጥራ ያስቀመጠቻቸውን ክኒኖች? አንቺ ትንሽ ነበርሽ፣ ከረሜላ መስሎሽ ልትፈቺው ስትይ ነው የተገኘው። ነገሩን ማንም በደንብ አልነገረሽም። ሁዳዴ ነበር። «በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ተባለች፣ «እሺ ልጄ» ብላ መርቃ ወጣች። እማማ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፤ ከዚያ በኋላም ያው የበላችው አንድ ገበታ ነው። ስለዚህ ሦስቱንም ክኒን በዚያችው ገበታ ላይ በአንዴ ዋጠቻቸው። አዞራት፣ አስታወካት። «ይህ መድኃኒት አልተስማማኝም» ብላ የቀረውን ቋጠረችው፤ ለማንም አልተናገረችም፣ የሰጣትን ልጅ እንዳታሳዝነው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። «ገባዎት?» ብሎም ጠይቋታል። «ይጾማሉ ወይ? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቀምሱት?» ያላት ግን አልነበረም። እስካሁን ይቆጨኛል፤ ያቺ ሴት ለጠየቃት ሰው ሁሉን ትናገር ነበር።

ስለዚህ «ገባዎት?» የሚለውን ተዪው፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው። ይልቅ «በደንብ ማስረዳቴን እንዳውቅ፣ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በይ፤ ፈተናው ያንቺ እንጂ የእነሱ እንዳይሆን። ከሳቱ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ያንኑ አትድገሚ፣ አነጋገርሽን ለውጪ። አሞክሲሲሊን በየስምንት ሰዓቱ ከሆነ «ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓት፣ ማታ 4 ሰዓት» ብለሽ ቁረጪላቸው፤ ከምግብ ጋር ባይሆንም ግድ የለውም። የግድ ምግብ የሚፈልገውን ግን ከአመጋገባቸው ጋር አስማሚላቸው። ጠበል መሄዳቸውንም ሳትቆጪ ጠይቂ፤ ፊትሽ ከተኮሳተረ መድኃኒት ማቋረጣቸውን ይደብቁሻል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እንዲደብቅ የሚያደርገው ግን ብዙ ጊዜ የኛ ፊት ነው።

ከሆስፒታል በስልክ የመድኃኒት መጠን ሲነግሩሽ መልሰሽ አንብቢላቸው። በእንግሊዝኛ «ፊፍቲን» (15) እና «ፊፍቲ» (50) በመጥፎ መስመር አንድ ናቸው፤ «አንድ፣ አምስት» ብለሽ ቁጥር በቁጥር አረጋግጪ።

አንድ ነገር ደግሞ። መድኃኒቱ ተጽፎ፣ አመስግነው ተነሥተው፣ እጃቸው በሩ ላይ ሲደርስ «እግረ መንገዴን...» ይላሉ። እዚያች ላይ ነው የሰው ትዕግሥት የሚያልቀው። «በሚቀጥለው ይነግሩኛል» አትበይ። ልጂቱ ያረገዘችው፣ ባልየው የሚመታው፣ የደም ምርመራ የፈራው ሁሉ የሚወጣው እዚያ በሩ ላይ ነው። እንደገና ይቀመጡ በይ፣ እስክሪብቶሽን አስቀምጪ፣ አስጨርሻቸው።

ፈጣን መሆንሽን አልጠላም። ልጅ ሆነሽ የአባትሽን ተረት ከአፉ ነጥቀሽ ስትጨርሺ ቤቱ ሁሉ ይስቅልሽ ነበር። ቀልጣፋ አእምሮ ስላለሽ በሦስተኛው ቃል በሽታው የገባሽ ይመስልሻል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ትሆኛለሽ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልክ ሳትሆኚ የምትቀሪበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ሊያርምሽ የሚችለው ያቋረጥሽው ሰው ብቻ ነው።

ቁርስ ሳትበዪ ሥራ እንዳትገቢ። የተራበ ሰው አይሰማም፣ አንቺ ደግሞ ስትራቢ ቁጡ ነሽ። ወንበሩን ነገ ጠዋት ሰው ሳይገባ አዙሪው፤ የበሩ መዝጊያ ከተበላሸም ለጥበቃው ጥቂት ሳንቲም ሰጥተሽ አሠሪው። ሽሮው ሲደርስሽ በደረቅ ዕቃ ገልብጪው፣ ፌስታል ውስጥ እንዳይነቅዝ።

እናትሽ