ለልጄ፦ የዲናሩ መልክ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ከሙዚየሙ ያነሳሽውን የሮም ቄሣር የጢባርዮስን ዲናር ፎቶግራፍ ሳይ አንድ የቆየ ዕዳ ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ ሳለሽ፣ ጌታ ዲናር አስመጥቶ መልኩ የማን እንደሆነ የጠየቀበትን ምዕራፍ ሳነብልሽ አቋርጠሽ «መልኩ ምን ይመስል ነበር?» አልሽኝ። አላውቅም ማለት አፍሬ «ዘውድ የደፋ ንጉሥ ነው» አልኩሽ። ተሳስቻለሁ። በራሱ ላይ ያለው የሎረል ቅጠል ጉንጉን ነው። የሮም ሰዎች ንጉሥ የሚለውን ስም ይጠሉ ስለነበር ገዢዎቻቸው ዘውድ መድፋት አይደፍሩም ነበር።

ብዙ ሊቃውንት በወንጌል የተጠቀሰው ዲናር ይኸው ነው ይላሉ። አራት ግራም እንኳ የማይሞላ ብር ነው፤ በወይኑ አትክልት ምሳሌ የአንድ ቀን ሙሉ ደመወዝ የሆነው እርሱ ነው። ጽሑፉን ግን ልብ በይ፦ «ጢባርዮስ ቄሣር፣ የአምላኩ የአውግስጦስ ልጅ»። ጌታ ስለ መልኩ ብቻ ሳይሆን ስለ ጽሕፈቱም የጠየቀው ለምን እንደሆነ አሁን ሌላ ስሜት ይሰጠኛል።

ዲናር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ211 ዓመት ገደማ መመታት ሲጀምር የሰው ፊት አልነበረበትም። በአንድ በኩል የራስ ቁር የደፋች ሮማ የተባለች አምላክ፣ በሌላው ካስቶርና ፖሉክስ የተባሉ መንትያ ፈረሰኞች ነበሩ። በሕይወት ያለ ሰው መልክ በሮም ከተማ ገንዘብ ላይ የወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ነው፤ የዩልዮስ ቄሣር። በዚያው ዓመት መጋቢት ወር ተገደለ።

እኔን የሚያስቀኝ ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩቱስ ነው። ባስመታው ዲናር ጀርባ ሁለት ጩቤዎች አሉ፤ በመካከላቸው ነጻ የወጣ ባሪያ የሚደፋው ቆብ፣ ከሥር የግድያው ቀን። ነጻነት አመጣሁላችሁ ማለቱ ነው። ገልብጠሽ ብታዪው ግን ማን ተቀምጧል? ራሱ ብሩቱስ!

ሁሉም በእጅ መዶሻ ስለሚመታ ምስሉ አንዳንድ ጊዜ ወደ ዳር ይሸሻል። ያንቺው ጢባርዮስም ማጅራቱ ተቆርጧል።

የዲናሩን ጀርባ ግን አልላክሽልኝም። በዚያ በኩል በትረ መንግሥትና ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት አለች፤ እናቱ ሊቪያ ናት የሚሉ አሉ። ሙዚየሙ ያንን ገጽ የሚያሳይ ከሆነ አንስተሽ ላኪልኝ። እናትሽ በርበሬው ደረሰሽ ወይ ብላለች።

አባትሽ