የጽሑፍ ብዛት የደኅንነት ተመራማሪን ሥራ አይለካም

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ስለ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የደረጃ ዕድገት ባስነበባችሁት ጽሑፍ ላይ፣ የአንድ ተመራማሪ ብቃት ዋና መለኪያ በጆርናል ያሳተማቸው ጽሑፎች ብዛት መሆን እንዳለበት መገለጹ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ አድርጎኛል። አሳቡ ለሌሎች ዘርፎች ያስኬድ ይሆናል፤ እኔ ለረጅም ጊዜ ባስተማርሁባቸው በሶፍትዌር ምሕንድስናና በኮምፒውተር ደኅንነት ግን ይህ መለኪያ ጠቃሚ ሥራ የሚሠራውን መምህር ወደ ኋላ ያስቀረዋል።

የጆርናሉን ነገር በአጭሩ ልለፈው። በእነዚህ ሁለት ዘርፎች ዋና ዋና ግኝቶች በቅድሚያ የሚቀርቡት በጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. (በደብዳቤው ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከ1975 ጀምሮ የሚካሄደው ዓለም አቀፍ የሶፍትዌር ምሕንድስና ጉባኤም ሆነ ከ1980 ጀምሮ የሚካሄደው አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የደኅንነትና የግላዊነት ሲምፖዚየም ጽሑፍ የሚቀበሉት በጥብቅ ግምገማ ሲሆን፣ ከሚቀርብላቸውም አብዛኛውን ይመልሳሉ። የጉባኤ ጽሑፍን እንደ ግማሽ ጽሑፍ የሚቆጥር ኮሚቴ ዘርፉን አላወቀውም ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ የጊዜው ጉዳይ ነው። በደኅንነት ምርምር ላይ የተሰማራ ሰው ለጥቃት በር የሚከፍት አንድ ጉድለት ባገኘ ማግስት አያሳትምም፤ ማሳተምም የለበትም። አስቀድሞ ለአምራቹ ያሳውቃል፤ ማስተካከያው ተሠርቶ ለተጠቃሚው እስኪደርስም ይጠብቃል። ለሶፍትዌር 90 ቀን የተለመደ የጥበቃ ጊዜ ሆኗል፤ ጉድለቱ በቺፕ ውስጥ ሲሆን ወይም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን ጥበቃው ከዚያ እጅግ ይረዝማል። የእንግሊዙ በርሚንግሃምና የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለመኪና ስርቆት መከላከያ በሚያገለግለው ሜጋሞስ ክሪፕቶ በተባለው ቺፕ ላይ ያገኙትን ድክመት በ2013 በዩዝኒክስ የደኅንነት ጉባኤ ሊያቀርቡ ሲዘጋጁ፣ ፎልክስዋገን ለንደን በሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከስሶ አሳገዳቸው፤ ጽሑፉ የወጣው በ2015 ነው። ሁለት ዓመት ለአንጋፋ ፕሮፌሰር የትዕግሥት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በአጭር ኮንትራት ለተቀጠረ ወጣት ረዳት ፕሮፌሰር ግን የውሉ ዕድሜ በሙሉ ሊሆን ይችላል፤ የምዘና ቅጹ ላይም የሚታየው ባዶ ቦታ ብቻ ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አንድ ጽሑፍ ከብዙ ጽሑፎች ልቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ። በ1988 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ባርተን ሚለር፣ ማዕበል በበዛበት ሌሊት ከቤታቸው በስልክ መስመር ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር ተገናኝተው ሲሠሩ፣ ዝናቡ በመስመሩ ላይ የፈጠረው ረብሻ ከሚጽፉት ትእዛዝ ጋር ያልታሰቡ ፊደላትን እየቀላቀለ ፕሮግራሞችን ሲያቋርጥባቸው ተመለከቱ። የረብሻው መኖር አላስገረማቸውም፤ ያስገረማቸው በየዕለቱ ሁሉ የሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች በዚህን ያህል ቀላል ነገር መውደቃቸው ነበር። ለተማሪዎቻቸው የሰጡት የቤት ሥራም ያለ ቅደም ተከተል የተዘበራረቁ ፊደላትን የሚያመነጭ ፕሮግራም ጽፈው ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ጋር የሚመጡትን መገልገያ ፕሮግራሞች እንዲፈትሹ ነበር። በ1990 በታተመው ውጤት መሠረት በተፈተሸው በእያንዳንዱ የዩኒክስ ዓይነት ላይ ከ25 እስከ 33 በመቶ የሚሆኑት መገልገያዎች ወድቀዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚገባውን መረጃ ርዝመት ሳያረጋግጡ በተወሰነ የኮምፒውተር ማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታ ላይ መጻፍ ሲሆን፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1988 የተለቀቀው፣ ራሱን እያባዛ በኔትወርክ የሚሰራጨው የሞሪስ ዎርም የተባለ ፕሮግራም በብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ሾልኮ ከገባባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ዓይነት ስሕተት ነበር። እነ ሚለር መሣሪያውንና ውጤቱን ለማንም ክፍት አደረጉ። ዛሬ ፈዚንግ ተብሎ የሚታወቀውን ይህን ዘዴ ትልልቅ የሶፍትዌር ድርጅቶች ሌት ተቀን ይሠሩበታል። በቆጠራ ብንሄድ ግን ያ ሁሉ አንድ ጽሑፍ ነው።

ቆጠራው የማያየው ሌላም ነገር አለ። በ2021 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሊኑክስ የተባለውን ኮዱ ለሁሉ ክፍት የሆነ ሥርዓተ ክወና ኮድ የሚገመግሙት ሰዎች ይደርሱበት እንደሆነ ለማየት ሲሉ ሆን ተብሎ ጉድለት የተቀበረባቸውን ማሻሻያዎች ልከው እንደነበር ሲታወቅ፣ የሊኑክስ ጠባቂዎች ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣን ማንኛውንም ኮድ እንዳይቀበሉ ወሰኑ፤ ጽሑፉም በደራሲዎቹ ተነሣ። እስከዚያች ቀን ድረስ ያ ጽሑፍ ከላይ በጠቀስሁት ሲምፖዚየም ተቀባይነት ያገኘ፣ በየትኛውም የምዘና ቅጽ ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ ሥራ ነበር።

ከምርምር የሚወለዱ የሶፍትዌር መሣሪያዎችን የመጠገኑን ጉዳይማ የሚያነሣውም የለም። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቼ በታወቀ ጉባኤ የቀረበን መሣሪያ ሊሞክሩ ሲነሡ ብዙ ጊዜ የሚገጥማቸው የማይከፈት አድራሻ ነው፤ ቢከፈትም ኮዱ አሁን በሌለ የቆየ ላይብረሪ (ሌሎች ያዘጋጁት የኮድ ስብስብ) ላይ የተመሠረተ በመሆኑ አልሠራ ይላል። የጻፈው ተማሪ ተመርቆ ሄዷል፤ አማካሪው ደግሞ ያንን ኮድ በመጠገን የሚያሳልፈው ወር በደረጃ ዕድገቱ ላይ የሚጨምርለት ነገር ስለሌለ ወደሚቀጥለው ጽሑፍ ተሻግሯል። በእርሱ አልፈርድም፤ የሚመዘንበትን አውቆ ነው የሠራው።

የምዘና ኮሚቴዎች ይህን በምን ይለኩታል የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እገምታለሁ። የሶፍትዌር ምሕንድስና ጉባኤዎች ከ2011 ጀምሮ ከጽሑፉ ጋር የቀረበውን ኮድና መረጃ በተለየ ኮሚቴ ማስፈተሽ ጀምረዋል፤ ያ የፍተሻ ውጤት በማመልከቻው ውስጥ እንደ ራሱ ሥራ ይያዝ። በጥበቃ ላይ ያለ ግኝትም ጽሑፉ ባይወጣም እንኳ አምራቹ መረጃው እንደደረሰው በሰጠው ማረጋገጫ በምስጢር ለገምጋሚ ሊቀርብ ይችላል። ከ1999 ጀምሮ ለታወቁ ተጋላጭነቶች የሚሰጠውን የሲቪኢ መለያ ቁጥር መደመር ግን ያንኑ የቆጠራ በሽታ በሌላ ስም ማምጣት ስለሚሆን አልደግፈውም። ከዚያ ይልቅ ኮሚቴው መሣሪያውን ለሚጠቀሙትና ማስተካከያውን ለተቀበሉት ባለሙያዎች ጽፎ፣ ሥራው ምን እንደለወጠላቸው ይጠይቅ። ስለ መምህሩ የውጭ ገምጋሚ አስተያየት መጠየቅ በዩኒቨርሲቲዎች የቆየ አሠራር በመሆኑ፣ የሚለወጠው ደብዳቤው የሚላክላቸው ሰዎች ዝርዝር ብቻ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ምሕንድስና መምህር