ቴምብሩን ከፖስታው አታላቁት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አሮጌ ቤት ሲፈርስ ከሣጥን የሚወጡ ደብዳቤዎች ይጣላሉ፤ የተረፉትንም ቴምብር ፈላጊ ውኃ ውስጥ ነክሮ ቴምብሩን ብቻ ይወስዳል። ያሳዝናል። ባቡር የማይቆምባቸው የድሮው የጅቡቲ መስመር ጣቢያዎችም ሆኑ ፖስታ ቤታቸው የተዘጋ ትንንሽ ከተሞች ስማቸው የሚገኘው ክቡ የፖስታ ቤት ማኅተም ላይ ነው። እሱ ደግሞ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ያርፋል።

ማኅተሙ ከደበዘዘ በስልክ ፎቶ አንስቶ ማጉላት ነው። አማርኛው ባይነበብ በላቲን ፊደል የተጻፈው ያግዛል። ጀርባውም ይታይ፤ የመተላለፊያና የመድረሻ ማኅተሞች ብዙ ጊዜ እዚያ ስላሉ ደብዳቤው የሄደበትን መንገድ ይናገራሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዓመቱ ላይ ነው። የማኅተሙ ቀን አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን ውስጡ ያለው ደብዳቤ በእኛ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማገባደጃ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ከማኅተሙ ዓመት ላይ ሲቀነስ የእኛው ይወጣል። የከተማ ስምም ተለዋውጧል፦ ሀገረ ሕይወት አምቦ ነው፣ አሰበ ተፈሪ ጭሮ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ።

ፖስታ ቤት ያልነበራት መንደርስ? አድራሻው ላይ «በእገሌ በኩል» የሚለውን ፈልጉ። ባለሱቁ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ተጠቅሶ የመንደሯ ስም አብሮ ይገኛል፤ ካርታ ላይ የሌለ ስም እንኳ እዚህ ይወጣል። ያገኛችሁትን በእርሳስ በሌላ ወረቀት ላይ መዝግቡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ያበላሻል።

አንድ የድሮ ደብዳቤ ሰብሳቢ
ከአዲስ አበባ