የተገደደውን ጉቦ ሰጪ አታድርጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዓለም ዜና ገጻችሁ የአሜሪካንና የቻይናን የፍርድ ቤት ጉዳዮች ስትዘግቡ፣ በእንግሊዝኛ «ኤክስቶርሽን» የሚባለውን ወንጀል አንድ ቀን ጉቦ፣ ሌላ ቀን ዘረፋ ትሉታላችሁ። ዘራፊ ይነጥቃል። በዚህ ወንጀል ግን ባለ ንብረቱ ራሱ ፈርቶ በገዛ እጁ ያስረክባል።

ጉቦ ማለታችሁ ግን መነሻ የለውም አልልም። «ኤክስቶርሽን» የሚለው ቃል በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ሹም በሥልጣኑ ተከልሎ የማይገባውን ሲወስድ የሚባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ማስፈራራትንና በሥልጣን ሽፋን መቀበልን በአንድ ስም ጠቀለላቸው። በ1992 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሹሙ «አምጡ» ባይልም፣ ገንዘቡ ለሥራው ውለታ እንደሆነ አውቆ ከተቀበለ ይበቃል አለ። በዚያ አገር በጉቦና በማስገደድ መካከል ያለው ድንበር ቀጭን ነው።

በቻይና ግን መንገዱ ይለያል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 274 የተደነገገው «ቺያውጃ ለሱዎ» (አስፈራርቶ መቀበል) ማንም ተራ ሰው ሊፈጽመው የሚችል ወንጀል ነው፦ ምስጢርህን አወጣለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ሆን ብሎ መኪና ላይ ተደግፎ ወድቆ ሾፌሩን «ክፈል፣ አለዚያ ፖሊስ እጠራለሁ» የሚል። ባለሥልጣን አስገድዶ ሲጠይቅ ግን ጉዳዩ በጉቦ ሥር ይታያል፤ ቅጣቱም ከበድ ይላል። እናንተን ሊያሳስባችሁ የሚገባው አንቀጽ 389 ነው። ሹም አስገድዶት የሰጠና ያልተገባ ጥቅም ያላገኘ ሰው ጉቦ ሰጪ አይባልም ይላል። እንግዲህ የአንድን ተገዳጅ ነጋዴ ጉዳይ «ለሹሙ ጉቦ ሰጠ» ብላችሁ ስታወጡ፣ ሕጉ ነጻ ያለውን ሰው በአማርኛ ወንጀለኛ አደረጋችሁት። ዜናውን ከእንግሊዝኛ ትርጉም እንደምትወስዱ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ማን እንደጠየቀና ማን እንደፈራ መለየት ከባድ አይደለም።

ለተራው ሰው ድርጊት «አስፈራርቶ መቀበል»፣ ለሹሙ «በሥልጣን አስገድዶ መቀበል» ብትሉ አንባቢ ይረዳል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተጋነነ የሆቴል ዋጋንም በዚሁ «ኤክስቶርሽን» በሚለው ቃል ያማርራሉ፤ ቻይናዎች ለዚህ «ቀርከሃ ማንኳኳት» የሚል ሌላ አባባል አላቸው። እዚያ ላይ «ዋጋ ቆለለ» በሉና እለፉ፤ ባለ ሆቴሉ ማንንም አላስፈራራም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ