«አመሰግናለሁ በል» ስንለው

ልጄ፣

ልጅሽ አክስቱ ያመጣችለትን መኪና ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወደ ጨዋታው መሮጡ ከንክኖሻል። «ምስጋና ቢስ ሆኖ እንዳያድግብኝ» ያልሽው ከጆሮዬ አልጠፋም። አይዞሽ። ገና ሦስት ዓመቱ ነው።

«አመሰግናለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ አፍ ይለምደዋል። ማመስገን ግን ከባድ ነው። ሰጪዋ የራሷ ሐሳብ እንዳላት፣ ማንም ሳያስገድዳት እሱን ደስ ይበለው ብላ እንዳደረገችው መረዳት አለበት። ይህ ደግሞ በአንድ ጊዜ አይመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የቤቲ ሬፓቾሊና የአሊሰን ጎፕኒክ ጥናት በጣም ደስ ይለኛል። አንዲት ሴት ሕፃናቱ ፊት ብሮኮሊ የሚባለውን አትክልት ጥሬውን ቀምሳ ፊቷ ይበራል፤ ብስኩት ቀምሳ ትኮሳተራለች። ከዚያ እጇን ትዘረጋለች። የ14 ወር ሕፃናት በአብዛኛው ራሳቸው የሚወዱትን ብስኩት ሰጧት። የ18 ወሮቹ ግን ብሮኮሊውን! የአራት ወር ልዩነት ብቻ እኮ ነው። እኔ የምወደውን ሌላው ላይወደው እንደሚችል ገብቷቸዋል።

የሌላው ሰው እምነት ከእውነታው ሊለይ እንደሚችል መረዳት ግን ይዘገያል። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን አንድ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ይወጣል፤ እናቱ ወደ ሌላ ቁምሳጥን ታዛውረዋለች። ሲመለስ የት ይፈልገዋል? ተመራማሪዎቹ ቪመርና ፐርነር እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ጥያቄ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ይጠቁማል። እሱ ካወቀ ማክሲም ያወቀ ይመስለዋል።

እንግዲህ የአንቺን ልጅ አስቢው። ደስታው ሙሉ ነበር። አክስቱም ደስታውን የምታውቅ መስሎታል ባይ ነኝ። ታዲያ ምን ብሎ ይንገራት?

ደግሞ ደግነቱን አይቻለሁ። ባለፈው ራሴን አሞኝ ጋደም ስል አሻንጉሊት ድቡን አምጥቶ ትራሴ ላይ አስተኛው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበለት። ከዚያ ተሽሎኝ እንደሆነ ለማየት ዓይኔን ትኩር ብሎ ተመለከተኝ። እሱን የሚያጽናናው ነገር እኔንም ያጽናናኛል ብሎ ነው። ምስጋናም የሚበቅለው ከዚሁ ይመስለኛል።

«አመሰግናለሁ በል» ማለትሽን አትተዪ፤ ሰጪውንም ማክበር ነው። ግን እዚያ ላይ አታቁሚ። ስለ ሰው ልብ አውሪው። እናቶች ለልጆቻቸው ሥዕል ሲያሳዩ «ፈርታለች»፣ «ረስቶታል»፣ «መስሎት ነው» እያሉ ሲያወሩ፣ ልጆቹ በኋላ የሰውን ሐሳብ በመረዳት ይሻሉ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ሰው ፊት አፍጥጦ ከማስገደድ ይህ ይበልጣል፤ ማስገደዱ ሕፃኑን ከማሳፈር ሌላ ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ማታ መኪናዋን ይዞ ሲጫወት ጠጋ ብለሽ «አክስትህ አንተ መኪና እንደምትወድ በምን አወቀች?» በይው። አትቸኩዪ፣ መልሱንም አንቺ አትንገሪው። ያለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ ለመስማት ጓጉቻለሁ።

እናትሽ