በፋሲካ ዋዜማ ካራቫን ለምን እንደከለከልን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከፋሲካ ወዲህ ስልኬ እረፍት የለውም። ከፊላችሁ ደውላችሁ ተቆጥታችሁኛል። ከፊላችሁ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ለሰው ተናግራችኋል፤ እሱም ዞሮ ዞሮ ደርሶኛል። ሐዋሳ የቱንም ያህል ብታድግ ወሬ ከአሞራ ገደል ተነስቶ መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። «ሰውዬው ስም ሲያገኝ ጠገበ» የሚለው ንግግር እናቴ ጆሮ ሳይቀር ገብቷል። ስለዚህ ነገሩን ከእኔው ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል ብዬ ነው የምጽፈው።

የሆነው እንዲህ ነው። በቀዳም ሥዑር ጠዋት አንድ ቤተሰብ ቀብድ ከፍሎ የያዘውን ካራቫን፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ተሳቢ ቤት፣ ከለከልን። ሌላውን ደንበኛችንን ደግሞ ዕቃ አውርዶ እንደገና እንዲጭን አድርገን ሁለት ሰዓት አስቆምነው። ሁለቱም የሆኑት በአዲሱ ደንባችን ምክንያት ነው። ከእንግዲህ ከግቢያችን የሚወጣ ካራቫን፣ የእኛም ይሁን ለጥገና የመጣ የደንበኛ፣ ሳይመዘንና ጎማው ሳይታይ አይወጣም። ጎታቹ መኪና አቅም ከሌለው አናከራይም። የኪራይ ዋጋም ጨምረናል።

ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለ። ቀብድ ስንቀበል መኪናችሁ ምን ዓይነት እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን፤ አልጠየቅንም። ልጆች ሻንጣቸውን ይዘው በር ላይ ከቆሙ በኋላ «አይሆንም» መባል ያማል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ቀብዱን በዚያው ቀን መልሰናል። ውሳኔውን ግን ዛሬም ብጠየቅ አልቀይረውም።

ይህን ሥራ ስጀምር ካራቫን የሚለውን ቃል የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረኝም። የጭነት መኪና ተሳቢ የምበይድ ሰው ነበርኩ። አንድ ቀን ከመንገድ ሥራ ካምፕ የተረፈ ተሳቢ ቤት በጨረታ ወጣ። ግድግዳው ተቀዷል፣ ወለሉ በስብሷል፣ ሻንሲው፣ ማለትም ሥሩ ያለው የብረት አካል፣ ግን ጤነኛ ነበር። እናቴ የዕቁብ ዕጣዋ በደረሳት ሳምንት ገንዘቡን እንዳለ አምጥታ እጄ ላይ አደረገችው። ወለሉን እኔ ቀየርኩ፤ መጋረጃውን ባለቤቴ ሰፋች። መጀመሪያ የተከራየን ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወንዶ ገነት ፍልውሃ ነበር የሄደው። ዛሬም ደንበኛችን ነው። ልጆቹ አድገው እነሱም ይከራዩናል። እንዲህ ዓይነት ሰው ፊት «ጠገበ» መባል ቀላል አይደለም።

ደንቡ ከየት መጣ? ከኮፈሌ ቁልቁለት ነው የመጣው።

ባለፈው ዓመት ወረፋ በበዛበት ሰሞን አንድ ካራቫን ሳንመዝን ለቀቅን። ደንበኛው ቸኩሏል፤ እኛም ደክሞናል። ወደ ባሌ ሄዶ ሲመለስ፣ ከኮፈሌ ወደ ሻሸመኔ ሲወርድ፣ ካራቫኑ ጅራቱን ማወዛወዝ ጀመረ። ሹፌሩ ደንግጦ ፍሬን ያዘ። ካራቫኑ መኪናውን አዙሮ ቦይ ውስጥ ከተተው። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደውሎልኝ ስደርስ በሩ ተገንጥሎ፣ ስኒዎቹ ሣር ላይ ተበትነው፣ አንድ የሕፃን ጫማ ብቻውን አስፋልቱ ዳር ቆሞ ነበር። ጫማውን አንስቼ ለእናትየዋ ስሰጣት አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ ሳወጣ ምክንያቱን አገኘሁት። ከባዱ ነገር ሁሉ ኋላ ነው የተጫነው። ጀሪካኑ፣ የቢራ ሳጥኑ፣ የድንች ጆንያው፣ ሁሉም ከጎማው በስተኋላ።

እኛ ጋራዥ «የአንገት ክብደት» የምንለው ነገር አለ። የካራቫኑ አንገት፣ ማለትም ከፊቱ ያለው መጎተቻ ክንድ፣ መኪናው ኋላ ባለው መጎተቻ ኳስ ላይ ሲያርፍ የሚጫነው ክብደት ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። 1,300 ኪሎ ለሚመዝን ካራቫን ከ130 እስከ 195 ኪሎ ማለት ነው። በዚያው ልክ መኪናው አንገቱ ላይ የሚችለው ወሰን አለ፤ ያንንም ማለፍ አይገባም። አንገቱ ከቀለለ ጅራቱ ይከብዳል። ጅራቱ ከከበደ ደግሞ ነፋስ ወይም ትልቅ አይሱዙ በጎን ሲያልፍ ካራቫኑ መኪናውን መንዳት ይጀምራል። ከባድ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከጎማው በላይና ትንሽ ወደፊት ነው የሚጫነው። ውሃም ዕቃ ነው። 100 ሊትር ማለት 100 ኪሎ ነው።

በቀዳም ሥዑር ሁለት ሰዓት ያስቆምነው ደንበኛችን ይህን ጉዳይ በዓይኑ አይቷል። አንገት የምንለካው በተራ የቤት ሚዛንና በአንድ ጣውላ ነው። ጣውላውን በአንድ በኩል ጡብ ላይ፣ በሌላው በኩል ሚዛኑ ላይ እናሳርፋለን። አንገቱን ከጡቡ 30 ሳንቲም፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲም ራቅ አድርገን እናስቀምጣለን። ሚዛኑ የሚያሳየውን በ3 ስናባዛ እውነተኛው ይወጣል። ሚዛኑ 14 አለ። 42 ኪሎ ማለት ነው፤ የካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከነጭነቱ 1,300 አካባቢ ሆኖ ሳለ። በጉ ሳይቀር ኋላ ታስሮ ነበር። እሱ ተናደደ። እኔ ግን ዓይኔ ላይ የነበረው ያ የሕፃን ጫማ ነው። ዕቃው ተስተካክሎ ሲመዘን 50 አለ፤ 150 ኪሎ። በሰላም ሄዶ በሰላም ተመለሰ። ሲመለስ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳይሰናበተን ወጣ። ይህም ቅር ብሎኛል፤ ግን ደግሜም ቢሆን አስቆመዋለሁ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። ካራቫኑ መወዛወዝ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ፍሬን በድንገት አትርገጡ። ለማምለጥ ብላችሁም ፍጥነት አትጨምሩ። ቁልቁለት ሳትጀምሩ ማርሽ ቀንሱ፤ ከጀመራችሁ በኋላ አይሆንም። ፍሬኑን ሙሉ መንገድ ከረገጣችሁት የፍሬን ሸራው ግሎ መያዝ ያቆማል። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድ ለሹፌር ያጓጓል፤ እኛ ግን ካራቫን ይዛችሁ ከ80 አትለፉ እንላለን።

ቀብዱን የመለስንለት ቤተሰብ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው። አባትየው የመጣው በትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እንዲህ ያሉ መኪኖች በዝተዋል። መኪናው አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ጉልበትም አለው። ግን አምራቹ በመመሪያው ላይ የመጎተት አቅም አልሰጠውም። ብዙዎቹ ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲሁ ናቸው። ሞተሩ ቢጎትትም ፍሬኑና አካሉ ለዚያ አልተሠራም። ካራቫን ሲጎተት ደግሞ ባትሪው የሚወስደው ርቀት ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ላንጋኖ ደርሶ መመለሻ ባያገኝስ? «እኔ ነኝ የምነዳው፣ አንተ ምን አገባህ» አለኝ። ልክ ነው፣ መኪናው የእሱ ነው። ካራቫኑ ግን የእኔ ነው፤ ኋላ ወንበር ላይ ደግሞ ሦስት ልጆች አሉ።

ለቤንዚን መኪኖችም ልጨምር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 10 ያህል ያጣል። መመሪያው ላይ የተጻፈው ጉልበት እዚህ የለም፤ ባሌ ተራሮች ላይ ጭራሽ ይቀንሳል።

ስለ ጎማ «ቦሎ አለው እኮ» የሚሉኝ አሉ። ቦሎ ጎማውን አያድሰውም። የካራቫን ጎማ ተበልቶ ከማለቁ በፊት በዕድሜ ያልቃል፤ ብዙ ጊዜ ቆሞ ፀሐይ ይመታዋላ። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ይሰነጠቃል። እኛ ከ5 እስከ 6 ዓመት ከሆነው እንቀይራለን። ዕድሜው ጎማው ጎን ላይ ባሉት በመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ይታወቃል። አንድ የራሱ ካራቫን ያለው ደንበኛችን 3118 የሚል አይቶ «የ2018 ነው፣ የዘንድሮ ጎማ ነው» ብሎ ተከራከረኝ። አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። በ2018 በ31ኛው ሳምንት የተሠራ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጎማ ነው። ሻጩም በዚሁ ቁጥር ሳያታልለው አልቀረም። እባካችሁ ጎማ ስትገዙ ይህን እዩ።

ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ የሚያስሩትን ዳዶዎች ሻሸመኔ ላይ አንድ ጊዜ፣ ላንጋኖ ስትደርሱ ደግሞ አንድ ጊዜ አጥብቁ። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ወይም በ20,000 ኪሎ ሜትር ታጥቦ ግራሶ ይቀባል። መንገድ ላይ ስታርፉ የጎማውን መሐል በእጃችሁ ዳብሱት። ሞቅ ማለቱ ደግ ነው። እጃችሁን ማሳረፍ ካቃታችሁ ግን አትቀጥሉ፤ ደውሉልን።

መጎተቻው ኳስም ይታይ። ካራቫኑ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ራስ ሆኖ 47.6 ሚሊ ሜትር ኳስ ላይ ሲገጠም የተያያዘ ይመስላል። ጉድጓድ ሲመታው ይዘላል። ሰንሰለቶቹ ከአንገቱ ሥር ተመሳቅለው ይታሰሩ።

«ቡና እንኳን ካራቫን ውስጥ እንዳናፈላ ተከለከልን» ያላችሁም አላችሁ። ቡና አልከለከልንም፤ ከሰል ነው የከለከልነው። ከሰል ባይጨስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ክፍል የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። ምድጃውን ውጭ ዛፍ ሥር አድርጉት፤ ቡናው እንደውም እዚያ ይጥማል። የጋዙ ሲሊንደርም መኪናው ሲንቀሳቀስ ይዘጋ።

የራሳችሁ ካራቫን ላላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክረምት ሳይገባ ጣሪያው ላይ ውጡ። ካራቫን ከመንገድ ይልቅ በውሃ ነው የሚሞተው። ባለፈው ወር ሐይቁ ዳር ቆሞ የከረመ አንድ መጥቶልን ነበር። ከውጭ አዲስ ይመስላል። መስኮቱ ሥር በአውራ ጣቴ ስጫነው ግድግዳው እንደ ራሰ ዳቦ ገባ። የጣሪያው መገጣጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ ፀጉር በምታህል ስንጥቅ ውሃ ሲያስገባ ከርሟል። በየሦስት ወይም በየስድስት ወሩ እየታየ ቢደፈን የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከሱቅ የሚገዛ ተራ ሲሊኮን ግን አትቀቡበት። እሱ ሲላቀቅ ትክክለኛው ማሸጊያ በላዩ አይይዝም።

አሁን ስለ ዋጋው። መናገር ይከብደኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ የጣሪያ ማሸጊያው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። ያኔ ለአራት ጎማ የከፈልኩት ዛሬ ለሁለትም አይበቃም። ያም ሆኖ ከዚያ ወዲህ እስከ አሁኑ ጭማሪ ድረስ የኪራይ ዋጋ አልነካሁም። ካራቫኖቻችን አራት ነበሩ፤ ከኮፈሌ በኋላ ሦስት ቀርተዋል። አብረውኝ የሚሠሩትን ሦስት ልጆች ከሥራ አላሰናበትኩም፤ ሁለቱ እዚሁ ብየዳ የተማሩ ናቸው። የጨመርኩት ለመዛኙ ጊዜና ለጎማው ነው። ጨምሬ ቤት አልሠራሁም፤ የምኖረው ያኔ የምታውቁት የኪራይ ቤት ነው።

ከሌላ ቦታ በርካሽ፣ ያለ ሚዛን፣ ያለ ጥያቄ የሚሰጥ ሰው ታገኙ ይሆናል። ከሄዳችሁ አልቀየማችሁም። ግን ጎማውን አይታችሁ ሂዱ።

ለተመለሰው ቤተሰብ በግል ደውያለሁ፤ ስልክ አላነሱም። ይህን ካነበባችሁት፣ ካራቫኑን በእኛው መኪናና በእኛው ሹፌር ላንጋኖ አድርሰን እናመጣላችኋለን፤ የምትከፍሉት የቆየውን ዋጋ ነው። ቀኑን እናንተ ምረጡ።

ለሌሎቻችሁ፦ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት በራችን ክፍት ነው። የእኛን ካራቫን ብትከራዩም ባትከራዩም፣ የራሳችሁን ይዛችሁ ብትመጡ አንገቱን በነፃ እንመዝናለን፤ ጎማውንም እናያለን። ጣውላውና ሚዛኑ በሩ አጠገብ ናቸው።

አክባሪያችሁ
የጋራዡ ባለቤት
ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 2018 ዓ.ም.